የጎደለው አንዱ እንዲታወቅ፤ ነርሶቻችን ኮምፒዩተር ስለሚማሩበት ምክንያት



ከልዩ ልዩ አጥቢያ ምእመናን በተደጋጋሚ የደረሰን አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፤ «እኛ ገንዘባችንን የምናዋጣው ለተራበ እህል፣ ለታመመ መድኃኒት እንዲገዛበት ነው። ታዲያ ከዚህ ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ነርሶች ኮምፒዩተር እንዲማሩበት መደረጉ ስለ ምንድን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠች እናት ገንዘቧ የት እንደ ዋለ የመጠየቅ መብት አላት፤ እኛም የመመለስ ግዴታ አለብን። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ካርድ ምን ይሠራል?

በማለዳ ወደ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የሄደ በሽተኛ መጀመሪያ የሚቆመው ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ነው። ቁጥሩ የተጻፈባትን ትንሽ ወረቀት ይዞ የመጣ እንደ ሆነ ካርዱ ከመደርደሪያው ይፈለግለታል። ወረቀቷን ዝናብ ያበላሸበት ወይም ቤቱ ረስቷት የመጣ ግን ስሙን ይጠየቃል። በስም መፈለግ ጊዜ ይፈጃል፤ ሰልፉም ረጅም ነው፤ በመሆኑም ብዙውን ጊዜ አዲስ ካርድ ይወጣለታል። አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ካርድ የሚኖረው በዚህ ዓይነት ነው።

ይህ እንዲያው ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቀላል አይደለም። አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል መጥታ የደም ግፊቷ 130 በ85 ሆኖ ተገኘ እንበል። ይህ ቁጥር ብቻውን ሲታይ ብዙም አያስደነግጥም። ነገር ግን ባለፈው ወር 110 በ70፣ ከዚያ በፊት በነበረው ወር ደግሞ 100 በ60 የነበረች ከሆነ ግፊቷ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ነርሷም ቶሎ ቶሎ ልትከታተላት ይገባል። ያለፉት ቁጥሮች በሌላ ካርድ ላይ ተጽፈው ከመደርደሪያው ከቀሩ ግን ነርሷ የምታየው የዛሬውን ቁጥር ብቻ ነው፤ እናቲቱም «ደኅና ነሽ» ተብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ወደ ራሳችን ሥራ ስንመለስ ደግሞ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን እናገኛለን። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ተለክቶ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በብርቱ እንደ ተጎዳ ይቆጠራል። ሌላ ሕመም ከሌለበትና መብላት ከቻለ፣ ቤቱ ሆኖ እንዲታከም ለእርሱ የተዘጋጀው የሕክምና ምግብ በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል፤ በየሳምንቱም እየመጣ ይመዘናል። እናንተ ባዋጣችሁት ገንዘብ የሚገዛው ምግብ ሕፃኑን የሚያድነው በየሳምንቱ ሲመጣ ነው። ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነስ? በወረቀት መዝገብ ላይ የመጡት ይጻፋሉ እንጂ ያልመጡት አይጻፉም። ያልመጣው ሕፃን የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ሲሠራ ነው፤ ለተጎዳ ሕፃን ደግሞ አንድ ወር እጅግ ረጅም ጊዜ ነው።

መቶ በጎች ስለ ነበሩት እረኛ የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የምናስበው የጠፋችውን ሊፈልግ መሄዱን ነው። ነገር ግን እረኛው ከመሄዱ በፊት ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መቁጠሩ ነው። ባይቆጥር ኖሮ አንዷ መጉደሏን ባላወቀም ነበር። የበሽተኛ መዝገብም ለእኛ እንዲሁ ነው፤ የጎደለው አንዱ እንዲታወቅ ያደርጋል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም

ነርስና መዝገብ የተዋወቁት ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ብዙ ዘመን በፊት ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 በቱርክ አገር በስኩታሪ ወደሚገኘው የጦር ሆስፒታል በሄደች ጊዜ ቁስለኞችን ከማስታመም ጋር የሞቱትን ቁጥርና የሞቱበትን ምክንያት በትክክል ለማወቅ ትደክም ነበር። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1863 ታትሞ በወጣው ስለ ሆስፒታሎች በጻፈችው መጽሐፍ፣ የሆስፒታሎች መዝገብ የተዘበራረቀ በመሆኑ አንዱን ከሌላው ማነጻጸር እንዳልተቻለ አመልክታለች።

በጎረቤታችን በኬንያ፣ ኤልዶሬት አጠገብ በሚገኘው በሞሶሪዮት ጤና ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የበሽተኞች መዝገብ በኮምፒዩተር መያዝ ተጀመረ። በዚያው አካባቢ ከተገኘው ልምድ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ2004 ኦፕን ኤም አር ኤስ የተባለው ፕሮግራም ሥራው ተጀመረ፤ ይህም ማንም አገር ሳይከፍል ሊጠቀምበትና እንደ ፍላጎቱ ሊያስተካክለው የሚችል ስለሆነ በብዙ አገሮች ተሠራጭቷል።

በማላዊ ደግሞ ባኦባብ ሄልዝ የተባለው ድርጅት ሌላ መንገድ ያዘ። ነርሷ በወረቀት ጽፋ ሌላ ጸሐፊ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ከሚገለብጠው ይልቅ፣ ነርሷ ራሷ በሽተኛው ፊት ተቀምጣ በጣቷ ስክሪኑን እየነካች እንድትመዘግብ አደረገ። በየስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይወጣል፤ መልሱን ከነካች በኋላ ሁለተኛው ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም ባትሪ ተዘጋጀለት። ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ ነርሶች ሊሠሩበት የቻሉትም መሣሪያው ለእነርሱ ተስማምቶ ስለ ተሠራ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ጸሐፊ በኋላ የሚገለብጠው መዝገብ ለሪፖርት ያገለግላል፤ ነርሷ በሽተኛው ፊት የምትጽፈው ግን ለበሽተኛው ያገለግላል።

በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. በተጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ «የመረጃ አብዮት» የሚል ርእስ ተይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዲ ኤች አይ ኤስ 2 በተባለው ፕሮግራም የጤና ተቋማት ሪፖርታቸውን በኮምፒዩተር ያስተላልፋሉ። ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ሪፖርት የሚነግረን ድምሩን ነው፤ «በዚህ ወር 40 ሕፃናት ታክመዋል» ይለናል። ካርድ ግን የሚነግረን ስለ እያንዳንዱ ነው። ድምሩ ትክክል የሚሆነውም የእያንዳንዱ ካርድ ትክክል ሲሆን ነው።

እኛም ተሳስተን ነበር

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት ሳንደብቅ ልንናገር ይገባናል። ሥራውን በጀመርንበት ጊዜ ያሰብነው ስለ መሣሪያው ብቻ ነበር። ኮምፒዩተሮች ገዛን፤ ለነርሶቹ በከተማ አዳራሽ የሦስት ቀን ትምህርት አዘጋጀን፤ ጸሎት ተደርጎ መሣሪያዎቹ ተመረቁ። አስተማሪው ጥሩ ወጣት ነበር፤ ያስተማረው ግን የኮምፒዩተርን ታሪክ፣ የክፍሎቹን ስምና ደብዳቤ አጻጻፍን ነበር። ስለ ካርድ አንድም ነገር አልተነሣም። ከጥቂት ወራት በኋላ ለጉብኝት ስንሄድ ከኮምፒዩተሮቹ አንዱ አቧራ እንዳይነካው በዳንቴል ተሸፍኖ አገኘነው። ነርሶቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ እንዲያውም መሣሪያውን በአክብሮት ጠብቀውታል። የጎደለው እኛ ልንሰጣቸው የሚገባን ትምህርት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ለውጠናል። ትምህርቱ የሚሰጠው በሥራ ቦታቸው ነው፤ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ሆኖ ለብዙ ሳምንታት ይቀጥላል። የሚለማመዱትም ስማቸው በተፈጠረ በሽተኞች ላይ ነው፤ ቢሳሳቱ ማንም አይጎዳም። ከነርሶቹ መካከል አንዷ ለሌሎቹ አስተማሪ እንድትሆን ትመረጣለች፤ እኛ ስንሄድ እርሷ ትቀራለችና።

ነርሷ ምን ትማራለች?

አንደኛው ትምህርት የእጅ ልምምድ ነው። የኪቦርዱ ቁልፎች የተሠሩት ለ26ቱ የላቲን ፊደላት ሲሆን የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ፊደል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ «ሉ» ለማለት የ«ኤል»ን ቁልፍ አስቀድሞ የ«ዩ»ን ማስከተል ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ስም መጻፍ ደቂቃዎች ይፈጃል። ይህ በልምምድ እንጂ በማብራሪያ አይገኝም።

ሁለተኛው ስለ ስም ነው። እኛ በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም እንጠራለን እንጂ ሁሉን የሚያጠቃልል የቤተ ሰብ ስም የለንም። ደግሞም «ኃይሉ» የሚለውን አንዷ በ«ኃ»፣ ሌላዋ በ«ሀ»፣ ሦስተኛዋ በ«ሐ» ትጽፈዋለች። ለእኛ ሦስቱም አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ሰው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ስለሆነም ነርሷ አዲስ ካርድ ከማውጣቷ በፊት ስሙን በልዩ ልዩ አጻጻፍ መፈለግን፣ ከስሙም ጋር የአያቱን ስም፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን ማመሳከርን ትማራለች።

ሦስተኛው ስለ ቀንና ሰዓት ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። በ2016 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በፈረንጆቹ 2016 እንደ ተወለደ ሆኖ ቢመዘገብ፣ በ9 ወሩ የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ዱሮ ያለፈበት ትልቅ ልጅ ይመስላል። የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስፈራል። ነርሷ «2 ሰዓት» ስትል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቷ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን 2 ሰዓት ሲባል የሚያውቀው ከሌሊቱ 8 ሰዓትን ነው። በመካከሉ የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። በየ6 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ አንድ ጊዜ ተዘልሎ ወይም ተደርቦ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። በሽተኛው ትክክለኛ፣ መድኃኒቱ ትክክለኛ፣ መጠኑ ትክክለኛ፣ መንገዱ ትክክለኛ፣ ሰዓቱም ትክክለኛ እንዲሆን ነርስ ከትምህርት ቤት ጀምራ ታውቃለች። እዚህ የምትማረው ይህንኑ በአዲሱ መሣሪያ ላይ መጠበቅን ነው።

አራተኛው ስለ ቁጥር ነው። 7.5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ነጥቡ ተረስቶ 75 ኪሎ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ይህን የመሰለውን ስሕተት ፕሮግራሙ እንዲከለክል ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን 11.4 የነበረው የክንድ ልክ 12.4 ተብሎ ቢጻፍ የሚከለክል የለም፤ ሁለቱም ሊሆኑ የሚችሉ ቁጥሮች ናቸውና። ልዩነቱ ግን ሕፃኑ ሕክምናው ውስጥ መግባቱና አለመግባቱ ነው። ስለዚህ ከመዝጋትዋ በፊት የጻፈችውን ድምፅ አውጥታ ማንበብን ትለማመዳለች።

አምስተኛው ስለ ምስጢር ነው። ፓስዎርድ የሚባለው የምስጢር ቃል የነርሷ ፊርማ ነው። አንድ ቃል ለሁሉም ሆኖ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ፣ ማን ምን እንደ ጻፈና ማን የማንን ካርድ እንዳነበበ አይታወቅም። በትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ የአንድ ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ከጤና ጣቢያው ከወጣ ትዳሩንና ኑሮውን ሊያፈርስ ይችላል። ስለ ግል ዳታ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ስለ ሰው ጤንነት የሚናገር መረጃ ልዩ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል። ለእኛ ለክርስቲያኖች ደግሞ አዋጅ ባይወጣም የባልንጀራን ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው።

ስድስተኛው መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ነው። የኮምፒዩተሩን ቅደም ተከተል የተከተሉ የወረቀት ቅጾች በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መብራት ሲመጣ ተረኛዋ ነርስ በትክክለኛው ሰዓት ትመዘግባቸዋለች። ይህን ያልተማረች ነርስ መብራት የጠፋበትን ቀን ባዶ አድርጋ ታልፈዋለች።

ፍጥነት ብቻውን አይበቃም

ከ25 ዓመት በላይ ያገለገሉ አንዲት ሲስተር በመጀመሪያው ቀን ሁለት እጃቸውን ከጋዋናቸው ኪስ አላወጡም ነበር። «ይህ እጅ መርፌ የያዘ እጅ ነው፤ በስተርጅና አይጥ አልይዝም» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ከሳቁ በስተኋላ ግን ፍርሃት እንደ ነበረ አውቀናል። በወጣቶች ፊት መሳሳት ለትልቅ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ብቻቸውን እንዲለማመዱ ተደረገ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት ፈጣን ወጣት ነርስ የአንድ ሕፃን ክብደት 12 ኪሎ ብላ ስትመዘግብ እኒያ ሲስተር ከጎኗ ቆመው ስክሪኑን ይመለከቱ ነበር። ባለፈው ሳምንት የተጻፈው 9 ኪሎ ነው። «ልጄ፣ የታመመ ሕፃን በአንድ ሳምንት 3 ኪሎ አይጨምርም» አሉ። ሲጣራ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሕፃናት ኖረው፣ የተከፈተው የሌላው ካርድ ሆኖ ተገኘ። ወጣቷ በፍጥነት ትጽፋለች፤ ሲስተር ግን ሕፃናትን ያውቃሉ። ለዚህ ሥራ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በዚያው ጤና ጣቢያ ቀጠሮአቸውን ያሳለፉ ሕፃናት ዝርዝር አሁን በየሳምንቱ የምግቡ ቀን ማታ ይወጣል። አንድ ቀን ማታ ዝርዝሩ ላይ የአንድ ሕፃን ስም ወጣ። በማግስቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤቱ ስትሄድ እናቱ በትኩሳት ተኝታ፣ ሕፃኑን የሚያመጣው ሰው ጠፍቶ አገኘች። እናቲቱ ሕክምና አገኘች፤ ሕፃኑንም አክስቱ አምጥታው ተመዘነ። ይህ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን በወረቀቱ መዝገብ ቢሆን ኖሮ ያ ቤት የሚንኳኳው ከሳምንታት በኋላ ነበር።

በሌላ በኩል ኮምፒዩተር የራሱ ጉዳት አለው። በሽተኛው ሲናገር ነርሷ ስክሪኑን ብቻ የምትመለከት ከሆነ ሰውዬው ከመሣሪያ ጋር የተነጋገረ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ ነርሶቹ አስቀድመው ሰላምታ እንዲሰጡ፣ በሽተኛውን ዓይን ለዓይን እያዩ እንዲሰሙትና ከዚያ በኋላ እንዲጽፉ እናስተምራለን። መዝገቡ ለሰውየው ተሠራ እንጂ ሰውየው ለመዝገቡ አልተፈጠረም።

ከእናንተ የምንጠይቀው

አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ሆይ፤ ያረጁ ኮምፒዩተሮችን ከመላካችሁ በፊት እባካችሁ ጠይቁን። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገን ሌላ መሣሪያ አይደለም፤ አንዷ ነርስ በምትማርበት ግማሽ ቀን በእርሷ ፈንታ በሽተኞችን የምታይ ሌላ ነርስ ናት። የእርሷ አበል በፎቶግራፍ የሚታይ ስጦታ አይደለም፤ ያለ እርሷ ግን ትምህርቱ አይካሄድም፤ ወይም በሽተኞች ሳይታዩ ይቀራሉ። ከወጣቶቻችሁ መካከል ኮምፒዩተር የሚያውቁ ቢኖሩ ከነርሶቹ ጎን ተቀምጠው በትዕግሥት ያለማምዱ። ይህ የሚሆነው የበሽተኞች ካርድ በሌለበት የመለማመጃ መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። ምእመናንም ወደ ሕክምና ሲሄዱ የካርድ ቁጥራቸውን ይዘው እንዲሄዱና ስማቸውን እስከ አያት አሟልተው እንዲናገሩ ከመድረክ ብታሳስቡልን ትልቅ እርዳታ ነው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፤ ነርሷ በኮምፒዩተር የመዘገበችውን እንደ ገና በወረቀት እንድትጽፍ አታድርጉ። ሽግግሩ እስኪያልቅ ሁለቱም አብረው መሄዳቸው የማይቀር ከሆነ የሚያበቃበትን ቀን ቆርጣችሁ ንገሯት። ሪፖርት ስትጠይቁም ከድምሩ በፊት «ማን ሳይመጣ ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለጥያቄያችሁ የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። የሰጣችሁት ገንዘብ ከእህሉና ከመድኃኒቱ ተወስዶ ለሌላ ነገር አልዋለም፤ እህሉና መድኃኒቱ ለታሰበለት ሰው በታሰበለት ቀን እንዲደርስ የሚያደርገውን የነርሷን እጅ ለማሠልጠን ውሏል። ሌሊት በተረኝነት ብቻዋን ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ የአንድ ሕፃን ስም በጥንቃቄ ለምትጽፈው እኅታችን ጸልዩላት። ያ ስም በእረኛው ዘንድ የታወቀ ነው፤ እኛም እንዳንስተው ይርዳን።